የሳተላይትን መንገድ ከድሬዳዋ ጣሪያ ላይ መለካት፦ ከአንቴናው በፊት ሰዓቱ

በዝቅተኛ ምሕዋር የሚዞር ሳተላይት በአንድ ሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የመዘገባችሁበት ሰዓት በአንድ ሰከንድ ከተሳሳተ ሳተላይቱን ከነበረበት 7.5 ኪሎ ሜትር አርቃችሁ አስቀምጣችሁታል፤ አንቴናችሁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ይህን አያርመውም። የጠፈር መንኮራኩር አሰሳ ሥራ በአብዛኛው ይኸው ነው፦ አንድ ቁጥር መለካት፣ ቁጥሩ የተለካበትን ቅጽበት በትክክል መጻፍ፣ ከትንበያው ጋር ማነጻጸር፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መለየት። ማርስ አጠገብ ላለ መንኮራኩርም ሆነ ድሬዳዋ ላይ ለሚያልፍ ትንሽ ሳተላይት አካሄዱ አንድ ነው።

ወደዚህ ሙያ ለመግባት ከየት እንጀምር ለሚሉ የድሬዳዋ፣ የሐረርና የሐረማያ ተማሪዎች የምመክረው የመጀመሪያ ሥራ ከጣሪያ ላይ የሚሠራ ነው፦ የአንድን ሳተላይት የሬድዮ ምልክት ቀድቶ ከዶፕለር ለውጡ፣ ማለትም ሳተላይቱ ሲቀርብና ሲርቅ ከሚታየው የፍሪኩዌንሲ ለውጥ፣ መንገዱን ማስላት። ዘዴው ከሙያው ጋር እኩል ዕድሜ አለው። ስፑትኒክ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ሲመጥቅ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተግባር ፊዚክስ ላቦራቶሪ የነበሩት ጋየርና ዋይፈንባክ የ20 ሜጋኸርዝ ምልክቱን ቀድተው ምሕዋሩን ያወጡት በዚሁ መንገድ ነው። በኋላ የዚያው ላቦራቶሪ ባልደረባቸው ማክሉር ነገሩን ገለበጠው፤ የሳተላይቱ መንገድ ከታወቀ የሰሚው ቦታ ይታወቃል አለ፤ ከዚያ ትራንዚት የተባለው የመጀመሪያው የሳተላይት አሰሳ ሥርዓት መጣ።

ዕቃው ብዙ አይደለም። በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ አርቲኤል-ኤስዲአር የተባለ የሬድዮ መቀበያ ያስፈልጋል፤ ክሪስታሉ፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲውንና ጊዜውን የሚቆጥርለት ክፍል፣ የሙቀት ማካካሻ ያለው፣ ስህተቱ ከሚሊዮን አንድ አካባቢ የሆነ ዓይነት ይሁን። ከውጭ ከማስመጣታችሁ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ። አንቴናውን ራሳችሁ ሥሩት፦ የቤት መብራት ከሚዘረጋበት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ሁለት ክንድ ቁረጡ፣ እያንዳንዱ 16.5 ሴንቲ ሜትር፣ በመካከላቸው 120 ዲግሪ ከፍታችሁ አግድም አስቀምጡት። ይህ ልክ ለ437 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ለገመድ የተለመደው የዲሽ ኬብል፣ አርጂ-6፣ ይበቃል። ኬብሉ 75 ኦም፣ መቀበያው 50 ኦም ነው ብላችሁ አትጨነቁ፤ በዚያ ምክንያት የሚጠፋው ከ0.2 ዴሲቤል ያንሳል። 10 ሜትሩ ራሱ የሚውጠው ግን 1.5 ዴሲቤል ገደማ ስለሆነ አታርዝሙት። ቀጭኑ አርጂ-58 በዚህ ፍሪኩዌንሲ ከዚያ ከእጥፍ በላይ ይውጣል። በየሰከንዱ ትክክለኛ የጊዜ ምት የሚያወጣ የጂፒኤስ ሞጁልም ጨምሩ። ያለ እርሱ የሚሠራ ሰው ግማሹን ሥራ ብቻ ይማራል።

ሳተላይት ስትመርጡ ምልክቱ ሳይቆራረጥ የሚልክ ወይም በሞርስ የሚጠራ ይሁን። ከ435 እስከ 438 ሜጋኸርዝ ባለው የአማተር ሬድዮ ክልል ብዙ ትንንሽ ሳተላይቶች አሉ፤ ነገር ግን ቶሎ ይሞታሉ፤ ስለዚህ በዚያ ሳምንት የትኛው በሕይወት እንዳለ ሳትኖግስ ከተባለው የክፍት መቀበያ ጣቢያዎች መረብ አረጋግጡ። በ550 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሳተላይት ከአድማስ እስከ አድማስ 12 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ሲመጣ ፍሪኩዌንሲው ከመደበኛው 10 ኪሎኸርዝ ያህል ከፍ ይላል፣ ሲሄድ ያንኑ ያህል ይወርዳል። ቀጥ ብሎ ከራስ በላይ ካለፈ በቅርበቱ ጫፍ ላይ፣ ማለትም በጣም በሚቀርብበት ቅጽበት፣ ፍሪኩዌንሲው በየሰከንዱ 140 ኸርዝ ገደማ ይወድቃል። ይህን 140 ቁጥር ያዙት፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ድሬዳዋ ላይ ደቡቡ በደንገጎ ተራራ ይጋረዳል፣ ሰሜኑ ሜዳ ነው። ዝቅ ብለው በደቡብ የሚያልፉትን ተዉአቸው። ሐረር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ለዚህ የተሻለች ናት።

አሁን ሰዓቱ። መቀበያው ናሙናዎቹን፣ ማለትም ምልክቱን በየቅጽበቱ የለካባቸውን ቁጥሮች፣ በዩኤስቢ ሲልክ በመንገድ ላይ ይጠራቀማሉ፤ ኮምፒውተሩ «አሁን ደረሰ» የሚለው ከእውነተኛው ቅጽበት በአሥር ወይም በመቶ ሚሊሰከንድ የዘገየ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ናሙና የኮምፒውተሩን ሰዓት አትጠይቁ። የፋይሉን መጀመሪያ ቅጽበት አንዴ እወቁ፣ ከዚያ ናሙና ቁጠሩ። በሰከንድ 250,000 ናሙና ይበቃል፤ እያንዳንዱ ናሙና 2 ባይት ስለሆነ የ10 ደቂቃ ቅጂ 300 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። ፋይሉ ከዚህ ካነሰ ናሙና ጠፍቷል፤ የጠፋበትን ቦታ ስለማታውቁት ያን ቅጂ ጣሉት። ብዙ ጀማሪ በሰከንድ 2.4 ሚሊዮን ናሙና ይቀዳል፤ ደከም ያለ ላፕቶፕ ይህን ሲሸከም ሳያስታውቅ ይጥላል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ከእውነተኛ ቅጽበቱ ቀድሞ የመጣ ይመስላል። ክሪስታሉ ከሚሊዮን አንድ ቢሳሳት በ10 ደቂቃ የሚያመጣው ስህተት 0.6 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ማካካሻ የሌለው ርካሽ ክሪስታል ከሚሊዮን 30 ቢሳሳት 18 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም 135 ሜትር ይሆናል።

የመጀመሪያውን ቅጽበት ለማወቅ በእጄ የሚሠራልኝ ዘዴ ይህ ነው። በ433.92 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መለማመጃ ላኪ አለ፤ አንቴና ሳይገጠምለት ከመቀበያው ገመድ አጠገብ አስቀምጡት፣ ማብሪያውን ከጂፒኤሱ የሰከንድ ምት ጋር አገናኙት። ሳተላይቱ ከመምጣቱ በፊትና ከሄደ በኋላ፣ የናሙና ፍጥነቱን ሳትቀይሩ፣ አንድ አንድ ደቂቃ ቅዱት። ምቱ በፋይሉ ላይ የታየበትና ኮምፒውተሩ የጻፈው ሰዓት ልዩነት የሰንሰለቱ መዘግየት ነው። የፊቱና የኋላው ቁጥር ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ከተለያዩ መካከሉን አትመኑ።

የኮምፒውተሩን ሰዓት በሞባይል ኢንተርኔት ብቻ ማስተካከል ለመጀመሪያ ሙከራ ይሆናል፤ ነገር ግን የመላኪያውና የመመለሻው መንገድ እኩል ጊዜ ስለማይወስዱ የልዩነቱ ግማሽ ስህተት ሆኖ ይቀራል። 50 ሚሊሰከንድ ወደ 380 ሜትር ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ የኢንተርኔት ሳጥኑ ግን ይጠፋል፤ ሰዓቱ በራሱ ክሪስታል ብቻ መሄድ እንደጀመረ ማንም አይነግራችሁም። ከሚሊዮን 20 የሚሳሳት ክሪስታል በአንድ ቀን 1.7 ሰከንድ ይስታል፤ ይህ 13 ኪሎ ሜትር ነው። የጂፒኤሱን ምት በዩኤስቢ ካስገባችሁ ወደ አንድ ሚሊሰከንድ ትደርሳላችሁ፤ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ጂፒኤሱም ቢሆን እንደበራ አይታመንም። የጂፒኤስ ሰዓት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 1980 ተነስቶ የዝላይ ሰከንድ፣ ማለትም ሰዓቱን ከምድር ዙረት ጋር ለማስማማት አልፎ አልፎ የሚገባውን ሰከንድ፣ ሳይጨምር የሚቆጥር ነው፤ ከ2017 ጀምሮ ዓለም አቀፉን መደበኛ ሰዓት ዩቲሲን በ18 ሰከንድ ይቀድማል። ሳተላይቶቹ ይህን ልዩነት የሚናገሩት በመልእክታቸው ዙር ውስጥ አንድ ጊዜ ነው፤ ዙሩ ደግሞ 12.5 ደቂቃ ይፈጃል። እስከዚያ ሞጁሉ በቆየ ማስታወሻው ወይም ያለ ማስተካከያ ሊነግራችሁ ይችላል። 18 ሰከንድ 135 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቦታውን ካገኘ በኋላ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ቀኑ ወደ 20 ዓመት ግድም ወደኋላ ከተመለሰ ደግሞ ሞጁሉ አርጅቶ ነው፤ የሳምንት ቁጥሩ በ1024 ሳምንት አንዴ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2019 ተመልሷል፣ ቀጣዩ በኖቬምበር 2038 ነው።

ከክሪስታልም ከኢንተርኔትም በላይ ሥራ የሚያበላሸው ግን የሰዓቱ ስም ነው። እኛ ጠዋት 2፡30 ስንል በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት 8፡30፣ በዩቲሲ 5፡30 ነው። ቀን ላይ በእኛ አቆጣጠር 3 መደመር ይበቃል፤ የንጋቱን 12 ሰዓት ግን እንደ ዜሮ ቁጠሩት። ማታና ሌሊት፣ የምሽቱንም 12 ሰዓት እንደ ዜሮ ቆጥራችሁ፣ 15 ትደምራላችሁ፣ ከ24 ካለፈ 24 ትቀንሳላችሁ። አደገኛው ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ያለው ነው። «እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» በስልካችሁ ላይ ሰኞ 1፡00 ነው፤ በዩቲሲ ግን ገና እሑድ 22፡00 ነው። አያቶቻችን «ለሰኞ አጥቢያ» ሲሉ የሌሊቱን ሁለት ጫፍ አንድ ላይ ጠርተው ነገሩን ግልጽ አደረጉት፤ እኛም በማስታወሻ ደብተራችን ላይ ሁለቱንም እንጻፍ፣ የፋይል ስም ግን ሁልጊዜ በዩቲሲ ብቻ ይሁን። ሰዓቱ ከየት ተነስቶ እንደተቆጠረ ካልተጻፈ ቁጥሩ ምንም አይናገርም። ሁለት የሰዓት አቆጣጠርና ሁለት የዘመን መቁጠሪያ ይዞ ያደገ ሰው ይህን ከሌላው ቀድሞ ሊያውቀው ይገባል፤ እኔ እንደ ትልቅ ሀብት ነው የማየው።

የምሕዋር መረጃው፣ ቲኤልኢ የሚባለው ሁለት መስመር፣ ቀኑን የሚጽፈው በዓመቱ ሁለት አኃዝና በዓመቱ ውስጥ ባለው የቀን ቁጥር ነው። 25254.5 የሚል ብታዩ የ2025 254ኛ ቀን እኩሌታ ነው፦ ሴፕቴምበር 11፣ 12፡00 ዩቲሲ። በእኛ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። ቆጠራው ከ1 ይጀምራል እንጂ ከዜሮ አይደለም፤ ይህን የረሳ ፕሮግራም አንድ ሙሉ ቀን ይስታል። መረጃው የተሠራበት ቀን ላይ ስህተቱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በየቀኑ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ይጨምራል፤ ስለዚህ በሄዳችሁ ቁጥር አዲስ አውርዱ። ቲኤልኢውን ለእርሱ ከተሠራው ከኤስጂፒ4 ስሌት ውጭ በሌላ ቀመር አታስሉት። የሚወጣው ቦታ የዚያን ዕለት የምድር ወገብና የጸደይ ነጥብ ተከትሎ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2000 ማዕቀፍ ነው ብሎ የወሰደ ሰው ዛሬ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሊሳሳት ይችላል።

የጣቢያችሁን ቦታ ስታስገቡም ሁለት ወጥመድ አለ። ጂፒኤሱ 0935.58 ብሎ ከጻፈ 9 ዲግሪ ከ35.58 ደቂቃ ነው፣ በአስርዮሽ 9.593። 9.3558 ብሎ ያነበበ ሰው ጣሪያውን 26 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ወስዶታል። ኬንትሮስና ኬክሮስ ከተቀያየሩ ደግሞ ድሬዳዋ ኮርሲካ ደሴት አጠገብ፣ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ትወድቃለች፤ ይህኛው ቶሎ ይታወቃል። ከባሕር ወለል ያለውን 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታም አትተዉት።

ሙቀቱን በተመለከተ፦ መቀበያውን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ። ጥሩ የተባለው ክሪስታል እንኳ ሙቀቱ ሲለዋወጥ ከአሥር ሚሊዮን አንድ ይንቀሳቀሳል፤ በ437 ሜጋኸርዝ ላይ 44 ኸርዝ ነው፣ በፍጥነት ሲተረጎም 30 ሜትር በሰከንድ። መቀበያው ቤት ውስጥ ጥላ ላይ ይሁን፣ ሳተላይቱ ከመድረሱ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ አብሩት፣ ማራገቢያ ወደ እርሱ አታዙሩ። ንፋሱ ሲበራና ሲጠፋ ፍሪኩዌንሲው አብሮ ይሄዳል።

ሌላው የአካባቢያችን ነገር አየሩ ነው። የመግነጢሳዊው ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ፀሐይ በምትበረታባቸው ዓመታት፣ በአዮኖስፌር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በተሞላው የላይኛው አየር ክፍል፣ ውስጥ አረፋ የመሰለ ክፍተት ይፈጠራል። ምልክቱ ይርገበገባል፣ ይቆራረጣል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት የሚያልፉትን ትታችሁ የጠዋቶቹን ምረጡ። 437ን ከ145 ሜጋኸርዝ የመረጥኩትም ለዚህ ጭምር ነው፤ በፍጥነት ልኬት የአዮኖስፌሩ ስህተት በ145 ላይ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል።

አሁን ቅጂው አለ እንበል። ፍሪኩዌንሲውን በአንድ ሰከንድ መስኮት ለማውጣት አትሞክሩ፤ በዚያ ሰከንድ ውስጥ 140 ኸርዝ ስለሚወድቅ ይደበዝዛል። መጀመሪያ የተተነበየውን ለውጥ ቀንሳችሁ ቅጂውን አቅኑት፣ ከዚያ የቀረውን ልዩነት ተከታተሉ። የተለካው ሲቀነስ የተተነበየው፤ ይህ ቀሪ ነው ሁሉን የሚናገረው፤ መሐንዲሱ የሚከፈለው ይህን ለማንበብ ነው።

ቀሪው ጠፍጣፋ ሆኖ ከዜሮ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ የሳተላይቱና የእናንተ ክሪስታል ልዩነት ነው፤ ስለ መንገዱ ምንም አይልም። አንድ ያልታወቀ ቁጥር አድርጋችሁ አብራችሁ ፍቱት። በሩቅ ጠፈር ሥራ ይህን የሚያስወግዱት ምልክቱን ከምድር ልከው መንኮራኩሩ እንዲመልሰው በማድረግ ነው፤ ያኔ በሁለቱም ጫፍ የሚቆጥረው ሃይድሮጅን ሜዘር የተባለው የጣቢያው እጅግ ትክክለኛ የአቶም ሰዓት ብቻ ይሆናል። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2019 ያመጠቀው የሜርኩሪ አዮን ሰዓት የተሞከረውም ይህ የደርሶ መልስ ጉዞ እንዲቀር ነው። ቀሪው በአንድ አቅጣጫ የሚያዘነብል ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ ክሪስታሉ እየሞቀ ወይም እየቀዘቀዘ ነው።

ቅርበቱ ጫፍ ላይ እንደ ኮረብታ ካበጠ የጊዜ ስህተት ነው። የኮረብታውን ቁመት ለ140 አካፍሉት፤ 70 ኸርዝ ከሆነ ግማሽ ሰከንድ። 140 ግን በ550 ኪሎ ሜትር ከፍታ ከራስ በላይ ለሚያልፍ ነው፤ ጠመም ብሎ ለሚያልፈው ቁልቁለቱን ከትንበያው ራሱ ውሰዱ። ወደ ላይ ካበጠ ሰዓታችሁ ይቀድማል ወይም ሳተላይቱ ዘግይቷል፤ ወደ ታች ከሆነ ተቃራኒው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ከአንድ ማለፍ መለየት አይቻልም፤ ሒሳቡ አንድ ነው። መፍትሔው በዚያው ሰዓት ውስጥ ሁለትና ሦስት ሌሎች ሳተላይቶችን መቅዳት ነው። ሁሉም በአንድ ዓይነት ግማሽ ሰከንድ ከሳቱ ጥፋቱ የእናንተ ሰዓት ነው። አንዱ ብቻ ከሳተ ቲኤልኢው አርጅቷል፤ ብዙ ጊዜ የአየር ግጭት ዝቅ አድርጎት ቀድሞ ይመጣል።

ጫፉ ላይ በአንድ በኩል ወጥቶ በሌላው ከወረደ የርቀት ስህተት ነው፤ ሳተላይቱ ከታሰበው ቀርቦ ወይም ርቆ አልፏል፣ ወይም የጣቢያው ቦታ ተሳስቷል። ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ ግን አንድ ማለፍ አይነግራችሁም። በመካከል ድንገት ባሕርዩ ከተለወጠ ናሙና ጠፍቷል፤ ወደ ባይት ቆጠራው ተመለሱ።

ከአንድ ማለፍ ስድስቱንም የምሕዋር ቁጥሮች ለመፍታት አትሞክሩ፤ ስሌቱ መልስ ይሰጣል፣ መልሱ ግን ትርጉም የለውም። አራት ብቻ ፍቱ፦ ፍሪኩዌንሲ፣ የፍሪኩዌንሲው መንሸራተት፣ የቅርበቱ ቅጽበት፣ የቅርበቱ ርቀት። ለእያንዳንዱ አሃዱን አብራችሁ ጻፉ። የናሳ መንኮራኩር ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 1999 የጠፋው አንድ የስሌት ፋይል በኒውተን-ሰከንድ መሆን ሲገባው በፓውንድ-ሰከንድ ተጽፎ ስለተላከ ነው፤ 4.45 እጥፍ ልዩነት በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ተጠራቅሞ መንኮራኩሩን ከታሰበው ዝቅ አድርጎ ወደ ማርስ አየር አስገባው። በዶፕለር ቀሪው ላይ ፍንጩ ነበር።

ሥራው ሲጸና ሐረር ላይ ሁለተኛ ጣቢያ አቁሙ። በቀጥታ መስመር 42 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፣ ሐረር ከድሬዳዋ ደቡብ ምሥራቅ ናት። በ550 ኪሎ ሜትር ከፍታ በዋልታዎች አቅራቢያ፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሎ የሚዞር ሳተላይት መሬት ላይ ያለው ጥላ በሰከንድ 7 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከደቡብ ወደ ሰሜን ከራስ በላይ ሲያልፍ መጀመሪያ ሐረርን ያገኛል፤ ድሬዳዋ ላይ የቅርበቱ ቅጽበት 5 ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ይመጣል። ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲሆን ድሬዳዋ ትቀድማለች፣ ልዩነቱም ወደ 3.5 ሰከንድ ይጠብባል፤ መንገዱ ከሁለቱ ከተሞች መስመር ጋር ይበልጥ ስለሚጣመም ነው። ሁለቱንም አቅጣጫ ለካችሁ፣ አንዱ 6 ሌላው 2.5 ሆኖ ከወጣ ከሁለቱ ጣቢያዎች የአንዱ ሰዓት በአንድ ሰከንድ ተሳስቷል፦ ወይ ድሬዳዋ አንድ ሰከንድ ቀድማለች፣ ወይ ሐረር አንድ ሰከንድ ዘግይታለች።